የሰው ጉበት፣ አትንኩ

ለመሆኑ ከአፋችሁ የወጣ ነገር እናንተን ቀድሞ መንገድ ጀምሮ፣ እናንተ ገና መናኸሪያ ቆማችሁ መኪና ስትጠብቁ እሱ ደርሶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ሻይ አዝዞ ጠብቋችሁ ያውቃል? በእኔ ደርሷል። ከአዋሽ ተነሥቼ ሰመራ ስገባ ወሬዬ ከእኔ በፊት ገብቶ ቤት ተከራይቶ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ቢሆንም ትንሽ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ማስረዳት ደግሞ ነፍሴ ነው። አዋሽ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ስለሆነ፣ ጠመኔ ገና ያላሳለው የሚሉት ዓይነት ነኝ። ደወል ተደውሎ ተማሪው ሲበተን የእኔ ትምህርት አይበተንም። ባጃጅ ስሳፈር ላብ ሰውነትን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ለሾፌሩ አስረዳለሁ። ፀጉር ቤት ገብቼ ከራሳችን ላይ የሚቆረጠው ፀጉር ሕይወት የሌለው ነገር መሆኑን ለፀጉር አስተካካዩ ሳስረዳው፣ መቀሱን አቁሞ፣ "ታዲያ ለቅሶ ልቀመጥ ወይስ ልጨርስልህ?" ብሎኛል።

በዚህ ዓመት ልቤን የሰረቀው ግን የጉበት ጉዳይ ነው። ሳይንቲስቶች ከሰው አካል ጥቂት ሕዋሳት ይወስዱና በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ምግብና ሙቀት እየሰጡ ያሳድጓቸዋል። ሕዋሳቱም እንደ ገበያ ሰው ተበታትነው አይቀሩም። ይሰባሰባሉ፣ ሥራ ይከፋፈላሉ፣ ቀስ በቀስም ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ትንሽ ጉበት ይመሠርታሉ። ሙሉ ጉበት አይደለችም፤ ከጉበት ሥራ ግን አንዳንዱን ትሠራለች። ኩላሊትም፣ አንጀትም እንዲሁ በትንሹ ይሞከራል። አዲስ መድኃኒት ሲሠራ በእሷ ላይ ጠብ ይደረግና ትታመም እንደሆነ ይታያል። እስከ ዛሬ ይህን መከራ ሲቀበሉ የኖሩት አይጥና ጥንቸል ናቸው። በዚህ መንገድ መከራቸው ጨርሶ ባይቀር እንኳ ይቀልላቸዋል።

እስቲ አሁን ይህ ምን ክፋት አለው? ክፋቱ አነጋገሬ ላይ ነበር። መምህር ሲያስረዳ "እኛ" ማለት ይወዳል። "ሕዋሱን እንወስዳለን፣ እንመግበዋለን፣ ካደገ በኋላ መድኃኒት እናንጠባጥብበታለን" ይላል። በመምህር ቋንቋ "እኛ" ማለት የሰው ልጅ በሙሉ ማለት ነው። ጋሽ ይመር ግን የመምህር ቋንቋ አልተማሩም።

ጋሽ ይመር የተከራየሁበት ግቢ ጌታ ናቸው። ከወሎ መጥተው አዋሽ ዋናው መንገድ ዳር ምግብ ቤት የከፈቱ፣ ሳቃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ገላፊ የሚወርዱትና ከገላፊ የሚመለሱት የከባድ መኪና ሾፌሮች የእሳቸውን ጥብስ ሳይቀምሱ አያልፉም። እኔም ማታ ማታ እዚያው ተቀምጬ እራቴን እየበላሁ፣ ጉበት እንዴት እንደምናሳድግ አስረዳቸዋለሁ። እሳቸውም ሒሳብ እየተቀበሉ፣ "አጂብ ነው፣ እሺ፣ ከዚያስ?" ይሉኛል። እንደሚሰሙኝ እርግጠኛ ነበርኩ። መስማታቸውን በኋላ አረጋገጥኩ።

ሰመራ ላይ የትምህርት ቤቶች የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ሊካሄድ ነው ሲባል፣ ከትምህርት ቤታችን እኔ ተመረጥኩ። ሌላ አመልካች አልነበረም። እንግዲህ ጉበቷን ለሕዝብ ማሳየት አለብኝ፤ እውነተኛዋን ከየት ላምጣ? ስለዚህ ለልደት የሚሠራውን ቀይ የጄሊ ዱቄት በውሃ በጠብጬ፣ በበረዶ መሥሪያው ጉድጓዶች ውስጥ አፍስሼ፣ በጋሽ ይመር ፍሪጅ አስቀመጥኩ። ሲረጋ በማንኪያ ጫፍ እየጠረብኩ የጉበት ቅርጽ ሰጠኋቸው። ራሴን ላመስግንና አምረው ነበር። ሾፌሮች ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ፍሪጁን ራሳቸው ስለሚከፍቱም ወረቀት ለጠፍኩበት። በትልቁ "የሰው ጉበት" ብዬ፣ ከሥሩ "አምሳያ" ብዬ፣ ከዚያ ሥር "አትንኩ" ብዬ ጻፍኩ።

ሥርዓት እወዳለሁ፤ ፍሪጁ ግን ሥርዓት አይወድም። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በረዶው ቀለጠና ውሃው በወረቀቱ መካከል ወረደ። ጠዋት "አምሳያ" የሚለው ቃል ታጥቦ የቀረው "የሰው ጉበት፣ አትንኩ" የሚለው ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ ክፍል ስለነበርኩ አላየሁም፤ የሰማሁት ከራሳቸው ከጋሽ ይመር ነው። አንድ ወደ ገላፊ የሚወርድ ሾፌር ጥብሱን እየበላ ተነሥቶ ፍሪጁን ይከፍታል። ቀዩን ነገር ያያል። ሙቀቱ አዋሽን እንደ ምጣድ ባጋላት ቀን ቀዝቃዛ ቀይ ነገር አይቶ የሚያልፍ ሾፌር ገና አልተወለደም። አንዷን አንሥቶ ዋጠ። ሁለተኛዋን ሊያነሣ ሲል ወረቀቱን አነበበ።

በጓዳው በር ብቅ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ይኼ የሰው ነው?" አላቸው።

ጋሽ ይመር ድስት ላይ ናቸው። በእኛ አገር "የሰው" ማለት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከሰው ልጅ የሆነ ማለት ነው፤ ሁለተኛው የራስህ ያልሆነ፣ የሌላ ሰው ንብረት ማለት ነው። እናቶቻችን "የሰው ነው፣ አትንካ" እያሉ ነው ያሳደጉን። እንግዲህ ጋሽ ይመር ሁለተኛውን ሰምተው፣ "አዎ፣ የሰው ነው" አሉ።

"የእውነት የሰው?"

"ታዲያ የኔ ቢሆን አትንኩ ብዬ እጽፋለሁ? የሰው ነው አልኩህ። የመምህሩ ነው።"

"የመምህሩ ጉበት?"

"የመምህሩ ነዋ። በላህበት እንዴ? አይዞህ፣ ግዴለም፤ እሱ ሌላ ያሳድጋል። ማታ ማታ እዚህ ተጎልቶ እንዴት እንደሚያሳድገው ሲነግረኝ ነው የሚያመሸው።"

ሾፌሩ ጥብሱን ሳይጨርስ ወጣ። ጋሽ ይመር ከሰዓት በኋላ ይህን ሲነግሩኝ፣ እኔ እንደ ሞኝ ወንበር ላይ ተንከትክቼ ሳቅሁ። ያኔ መሳቁን ትቼ በሞተር ብስክሌት ያንን ተሳቢ መኪና ማሳደድ ነበረብኝ።

ምክንያቱን ላስረዳ። የአፋርን መንገድ ለማታውቁ፣ በዚህ አገር ዳጉ የሚባል ነገር አለ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዲሁ እጅ ነሥተው አይተላለፉም። አረፍ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ምን አየህ? ምን ሰማህ? ከማን ሰማህ? ዝናብ የት ጣለ? ማን ታመመ? የሰማው ሰው የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያቀብላል። መጨመርም መደበቅም ነውር ነው። ስለዚህ ዳጉ ከስልክ የሚለየው ኔትወርክ አለመጥፋቱ ነው።

ሾፌሩ ገዋኔ ላይ ጎማ ሊያስተካክል ሲቆም አንድ አፋር ቀርቦ ወሬ ጠየቀው። ሾፌሩም አልዋሸም። አዋሽ ላይ የሰው ጉበት የሚያሳድግ መምህር እንዳለ ነገረው። አይተሃል ሲለው፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በምላሴም ቀምሻለሁ አለ። ምን አደረገህ ሲለው፣ እስካሁን ምንም አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ሁሉ ይህንኑ አንዲት ቃል ሳያጎድል አሳልፎታል። ልብ በሉልኝ፤ ከገዋኔ ወዲያ ጥፋተኛ የለም። ጥፋቱ በሙሉ አዋሽ ላይ ነው የተመረተው።

በማግሥቱ የተረፉትን ጉበቶች በማርማላታ ጠርሙስ ከትቼ፣ ጠርሙሶቹን በረዶ በሞላ የፎም ሳጥን ውስጥ ደርድሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ሳጥኑን ጣራ ላይ ሊሰቅለው ሲል ከለከልኩት። ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። ጥያቄ ጠይቆኝ በአጭሩ የተመለሰ ሰው የለም። ጉበት ነው፣ የሰው፣ ማለቴ አምሳያው፣ ብዬ ጀመርኩና ከአዋሽ አርባ እስከ ገዋኔ አስረዳሁት። እኔ ሳስረዳ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ወደ ኋላ ተዛወሩ። ቀጥሎ ከፊቴ ያለው ወጣት እግሩን ሰበሰበ። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በሚሄድበት ሚኒባስ ውስጥ ግራና ቀኜ ባዶ ሆኖ እንደ ሚኒስትር ተንደላቅቄ ሄድኩ። ሳይንስ ሲከበር እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሚሌ ስንደርስ ግን ነገሩ ገባኝ። መኪናው ገና ሳይቆም ሰዎች በመስኮት እያዩ ሳጥኑን በጣት ያሳዩ ጀመር። አንዲት ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት ወደ መስኮቴ ተጠግተው ማንጎ እንደሚገዛ ሰው ሳጥኑን ቃኙና፣ "ኩላሊት የለህም?" አሉኝ።

ሳላስበው፣ "ኩላሊት አልያዝኩም" አልኳቸው።

"እንግዲህ በሚቀጥለው አምጣ" ብለው ሄዱ።

ኩላሊት አልያዝኩም! ቤቴ ረስቼው የመጣሁ ይመስል። ልወርድና ላስረዳቸው ስል ረዳቱ በሩን ዘጋ።

ሰመራ በዚያ ወላፈን በሚመስል ነፋሷ ተቀበለችኝ። ገና ከመኪናው ስወርድ አንድ ረጅም ሽማግሌ ትከሻቸው ላይ ዱላ አጋድመው፣ በሌላ እጃቸው የፍየል ገመድ ይዘው፣ በግድግዳ ጥላ ሥር ቆመው አየሁ። ሳጥኑን አዩና ወደ እኔ መጡ። አባ ሁመድ እንደሚባሉ ነገሩኝ። የጉበቱ መምህር አንተ ነህ ወይ ሲሉኝ፣ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ወዲያው ስለ ጉበቱ አልጠየቁኝም። ጥላው ሥር አስቀምጠው ስለ አዋሽ ዝናብ ጠየቁኝ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስላገኘሁት ሰው ሁሉ ጠየቁኝ። እኔ የማውቀው ዝናብ አለመዝነቡን ብቻ ነበር። ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ። ዑስማን የሚባል ታናሽ ወንድማቸው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ጉበቱ ታሟል ብሎ፣ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ሰጥቶ፣ ሳታቋርጥ ውሰድ ብሎ ሸኝቶታል። አሁን እዚሁ አቅራቢያ ሎግያ ዘመድ ቤት ተኝቷል። ክኒኑን ሲውጥ ሰንብቶ ቢጫው መቀነስ ጀምሮ ነበር።

"ትናንት ወሬህ ደረሰ" አሉ አባ ሁመድ። "ከዚያ ወዲህ አልዋጥም አለ። አዲሱ እየመጣ አሮጌውን መቀለብ ምን ያደርጋል አለን።"

ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። በረዶው ከሚሌ ጀምሮ ቀልጦ ጫማዬ ላይ ሲንጠባጠብ ነበር። ቀልደኛ ለመሆን ጊዜው እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አንድ ሰው በእኔ "እኛ" ምክንያት መድኃኒቱን አቁሟል።

እዚያው ላስረዳቸው ጀመርኩ። አባ ሁመድ፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም፣ ይህ እኮ አምሳያ ነው፣ ብዬ ስጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

"ወሬውን ያስነሣኸው አንተ ነህ። እኔ ከመሬት አልለቅመውም፤ ለእሱ ራስህ ንገረው።"

የእኔ ገለጻ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ከዋናው መንገድ ማዶ የዐውደ ርዕዩ ባነር በነፋሱ እየተርገበገበ ይጠራኛል። ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ የሚጠብቁኝ ሰዎች ሳይሰሙኝ ቢቀሩ አንዳቸውም አይታመሙም። ባጃጅ ጠራን። አባ ሁመድ፣ እኔ፣ ሳጥኑና ፍየሏ ገባን። ፍየሏ አንገቷን ጭኔ ላይ አድርጋ ከሳጥኑ የሚንጠባጠበውን ቀዝቃዛ ውሃ ትልስ ጀመር። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "ምንም አይደለም" አልኩ።

ፍየሏ ለምን እንደመጣች የጠየቅሁት መንገድ ላይ ነው። ላንተ ናት አሉኝ፣ ለጉበቱ። እንስሳ ከመከራ እንዲድን በተፈጠረ ጥበብ ምክንያት ፍየል ልትታረድ ነው ማለት ነው። ፍየሏን አየኋት፤ አየችኝ። አባ ሁመድ አንገቷን አሻሹላት።

ቤቱ ስንደርስ ዑስማን ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሏል። ከወንድሙ በዕድሜ በብዙ ያንሳል፤ ዓይኑ ቢጫ ነው፤ ፊቱ ግን የተጫዋች ሰው ፊት ነው። ሚስቱ ፋጡማ ትራሱን ከፍ አደረገችለት። ጎረቤትም ተሰብስቧል። የክኒኑ ብልቃጥ ግድግዳው ሥር ከእጁ ርቆ ተቀምጧል። ማንም ሳያሳየኝ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።

"አመጣህ?" አለኝ።

ሳጥኑን ከፈትኩ። ጠርሙሶቹ ውስጥ ጉበት የሚባል ነገር የለም። ቀይ ውሃ ብቻ ነው። አንዱን ጠርሙስ ተቀብሎ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው።

"ቀልጧል እኮ" አለ።

"ቀልጧል" አልኩ።

"የኔው ይሻላል። ታመመ እንጂ አልቀለጠም።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱ ግን አልሳቀም። ጠርሙሱን አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያንን ጀርባ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አባ ሁመድ ከፊቴ ተቀመጡ። ያየሁትን፣ ያየሁት ብዬ እንድናገር፤ የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁ እንድናገር፤ ሌላ እንዳልጨምር ነገሩኝ። እሺ ብዬ አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ቃል "እኛ" ሆኖ ሊወጣ ሲል ዋጥኩት። ሁለተኛም ሞከርኩ፤ አሁንም "እኛ" መጣ። ለካ ያለ "እኛ" የማውቀው ዓረፍተ ነገር ጥቂት ኖሯል።

በመጨረሻ እንዲህ አልኩ። ትንሿን ጉበት በዓይኔ አላየሁም። እንደምታድግ መጽሐፍ ላይና ስልኬ ላይ አንብቤአለሁ። የሚያሳድጓት ሌሎች ናቸው፣ ሩቅ አገር ናቸው፤ እኔ አንድም አላሳደግሁም። በእጄ የሠራሁት ይህን ጄሊ ነው፤ እሱም ዱቄትና ውሃ ነው። ሾፌሩ የበላው እሱን ነው። ይኸው ነው።

ለዐውደ ርዕዩ ያዘጋጀሁት ንግግር ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነበር። እውነቱ ብቻ ሲቀር የጫማ ክር እስኪታሰር የሚያልቅ ሆነ።

"ታዲያ ዑስማን ውስጥ የምትገባ የለችም?" አሉ አባ ሁመድ።

"የለችም። ትንሿ ሰው ውስጥ አትገባም። ሳህን ላይ ነው የምትኖረው።"

"ሳህን ላይ ተቀምጣ ምን ትሠራለች?"

ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ነበረኝ። ሁሉም ግን ከመጽሐፍ የተቀዳ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ሰው ቤት የሚገባ ዓይነት መልስ ነበር። በዚህ መካከል ፋጡማ በእንስራ መሳይ ዕቃ ወተት አመጣች። አባ ሁመድ ተቀብለው መጀመሪያ ራሳቸው አንድ ጊዜ ተጎነጩና ለእኔ አቀበሉኝ። እኔም ለወጉ እንኳ ሳልጠጣ፣ ለምን ቀድመው እንደቀመሱት ጠየቅኋቸው። በጥያቄዬ ግራ ተጋብተው እያዩኝ፣ እንግዳ ተጠራጥሮ እንዳይጠጣ ነዋ አሉ። ክፉ ነገር ካለበት ባለቤቱን ይያዘው እንጂ እንግዳውን አይንካው።

ወተቱን ይዤ ቀረሁ። የፈለግሁት ቃል እጄ ላይ ነበር።

"ቀማሽ ናት" አልኩ። "ትንሿ ጉበት የመድኃኒት ቀማሽ ናት። ሰው ሳይጠጣው እሷ ትቀምሰዋለች። ክፉ ከሆነ እሷን ይይዛል።"

ዑስማን ከግድግዳው ዞረ። "እሷ ሳትመጣ በፊትስ ማን ነበር የሚቀምሰው?"

"አይጥ፣ ጥንቸል። አሁንም ይቀምሳሉ። ከእነሱ በኋላ ደግሞ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች።"

"አይተሃል?" አሉ አባ ሁመድ።

"አላየሁም። ተምሬዋለሁ፤ ከመምህሮቼ።"

"እሺ።"

ዑስማን ወደ እኔ ተጠጋ። "አይጧ ስትቀምስ ፈቅዳ ነው?"

"ማንም አልጠየቃትም።"

"ለዚህ ነው ትንሿን ያሳደጓት?"

"ለዚህ ነው" አልኩ። ዓመት ሙሉ ጋሽ ይመር ምግብ ቤት ተቀምጬ በአንድ እራት የማልጨርሰውን ነገር ሰውየው በአንድ ጥያቄ ጨረሰው።

"የኔንስ ክኒን? እሷ ቀምሳዋለች?"

አዎ ብል ደስ ባለኝ። "እሷ ትቅመሰው አትቅመሰው አላውቅም" አልኩ። "እንስሳት ሳይቀምሱት ግን ወደ አንተ አልመጣም። ላንተ የሚሆን መሆኑን የነገረህ ደግሞ ሐኪምህ ነው፤ እኔ አይደለሁም።"

እኔ ብልቃጡን አያለሁ፣ ፋጡማ ባሏን ታያለች። ዑስማን በመጨረሻ ሳቀ፤ ከገባሁ ጀምሮ መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው።

"ወላሂ፣ ይኼ ነውር ነው" አለ። "አይጧ እንኳ ማንም ሳይለምናት ውጣለች። እኔን አገር ተሰብስቦ ይለምነኛል። አምጪው እስቲ።"

ፋጡማ ብልቃጡን ከማንሣቷ በፊት ደረሰች ማለት ይቻላል። ውሃም በኩባያ ተቀዳ። ዑስማን ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ኩባያውን ወደ እኔ ገፋ። "ክኒኑ ተቀምሷል። ውሃውን አንተ ቅመስ" አለኝ። ስለ ውሃ ላስረዳ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ፣ ኩባያውን ሰጠሁት። ቢስሚላህ ብሎ ዋጠ። ያቋረጠው እንዴት እንደሚካካስ ሐኪሙን እንዲጠይቁ ስነግራቸው፣ አባ ሁመድ ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ አሉ።

እንግዲህ የቀረችው ፍየሏ ናት። ጉበት አላመጣሁም፣ ስለዚህ ፍየል አይገባኝም ብዬ ተከራከርኩ። ይህ ሁሉ ጥበብ የመጣው እንስሳ በከንቱ እንዳይሞት ነው ብዬ ጨመርኩ። የፍየሏ ጠበቃ ሆኜ ጥሩ የተናገርኩ መሰለኝ፤ ቤቱ በሙሉ በትህትና አዳመጠኝ። አባ ሁመድ እስክጨርስ ጠብቀው፣ "ለሙከራ አይደለም የምትታረደው፤ ለእንግዳ ነው። በከንቱ የምትለው እንግዳውን ነው?" አሉኝ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ገለጻዬ አዳራሹ ውስጥ ተጠርቶ ያለፈው ምናልባት በዚያው ሰዓት ይሆናል።

ሥጋው ሲቀርብ ለክብሬ አስቀድሞ የመጣልኝ ምን እንደሆነ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። ሳህን ላይ፣ ትኩስ፣ ሙሉ ጉበት። እንዳመነታሁ ያየኝ ዑስማን ከትራሱ ቀና አለ።

"ብላ፣ መምህር። ይኼ የሰው አይደለም። ያንተ ነው።"

በላሁ። እጅግ ጣፋጭ ነበር። ይቅር ትበለኝ።

በማግሥቱ አዘጋጆቹ አዝነውልኝ ከሌሎቹ በኋላ ትንሽ ጊዜ ሰጡኝ። ጄሊ የለ፣ ሥዕል የለ። ከሎግያ የተዋስኩትን ኩባያ ውሃ ይዤ ወጣሁና መጀመሪያ ራሴ ተጎንጭቼ ፊት ለተቀመጠው ተማሪ ሰጠሁት። ከዚያ ስለ ቀማሿ ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ ብቻ "እኛ" አመለጠኝ።

አዋሽ ስመለስ ጋሽ ይመር በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ። ዑስማን ክኒኑን መዋጡን፣ ውሃውን እኔ መቅመሴን፣ ለፍየሏ ጥብቅና መቆሜንና መረታቴን፣ ጉበቱን ጠርጌ መብላቴን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከገላፊ የተመለሰው ሾፌር ነው ያመጣው። ምንም አልተጨመረም፣ ምንም አልጎደለም። ሰውየው የበላው ጄሊ መሆኑን ሰምቶ፣ ሌሎቹ ሾፌሮች አልሐምዱሊላህ እያሉ ሲያሾፉበት፣ ያቋረጠውን ጥብስ እንደ አዲስ አዝዞ ጨርሶታል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ዛሬውኑ አጠገባችሁ ላለ ሰው፣ ለባጃጅ ሾፌርም ይሁን ለአማት፣ በደንብ አውቀዋለሁ የምትሉትን አንድ ነገር ንገሩት። ያያችሁትን አየሁት በሉ፤ የሰማችሁትን ከማን እንደሰማችሁ ተናገሩ፤ "እኛ" የምትለዋን ቃል ዋጧት። ሲያልቅ ምን ያህል እንደቀረላችሁ እዩት። ፍሪጅ ውስጥ ዕቃ የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ስማችሁን ጻፉበት።